«ዲስቶርሽን» መዛባት ነው ወይስ መሻከር?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለጊታር አምፕሊፋየሬ የሚሆን ባለ ቲዩብ (አየር የወጣለት የመስታወት ማጉያ) ኢፌክት፣ ማለትም የድምፅ መለወጫ፣ በገዛ እጄ እየሠራሁ ነው። ንድፉን ጨርሻለሁ፤ የመጀመሪያውን ክፍልም ለሙከራ አገጣጥሜዋለሁ። ማስታወሻዬን በሙሉ በአማርኛ ልጻፍ ብዬ ተነሣሁና ቃላት ላይ ተያዝኩ። «ዲስቶርሽን»ን፣ ማለትም ማጉያው ከልኩ በላይ ሲገፋ የድምፁን መለወጥ፣ «መዛባት» አልኩት፤ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ለ«ባያስ» ያገኘሁት ትርጉም «አድልዎ» ነው። አሁን ደብተሬ ላይ «የቲዩቡ አድልዎ 1.5 ቮልት» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ማንም አንብቦ የሚረዳው አይመስለኝም። «ዋርም» የሚሉትን ድምፅስ «ሞቃት» ልበለው? ቲዩቡ 12ኤኤክስ7 (12AX7) የሚባለው ዓይነት ነው።

መልስ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሚሠራ እንይ። ቃሉ ከሥራው ይመጣል። እንግሊዞች ቲዩቡን «ቫልቭ» (እንደ ቧንቧ መዝጊያ) የሚሉት መልኩን አይተው አይደለም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሌሚንግ በ1904 እ.ኤ.አ. የሠራው ዕቃ ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያሳልፍ ነው። እኛ ግን «ቱቦ» ብንለው ሰው የውኃ ቧንቧ ያስባል። ስለዚህ «ቲዩብ» ይቆይ።

«ግሪድ»ን ግን አልተወውም። አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ደ ፎረስት በ1906 እ.ኤ.አ. የጨመረው ይህን ነው። ካቶዱ (በቲዩቡ መካከል ያለው ክፍል) ሲግል ኤሌክትሮን ይለቃል፤ ፕሌቱ (በዙሪያው ያለው ብረት) ከወዲያ ይስባል። መሐል ላይ ቀጭን ሽቦ ተጠምጥሟል። ኤሌክትሮኑ በሽቦው ክፍተት ሾልኮ ያልፋል። ይህ «ወንፊት» ነው! ከጊታሩ የሚመጣው ትንሽ ቮልቴጅ ወንፊቱን ሲነካ የሚያልፈው ይበዛል ወይም ያንሳል። ማጉላት የሚባለው ይኸው ነው።

አሁን ወደ «ባያስ»። ወንፊቱ ዝም ብሎ ሲጠብቅ ከካቶዱ በታች የሆነ ልክ ላይ መቀመጥ አለበት። አንተ ካቶዱ ሥር 1.5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚገታ ዕቃ) አድርገሃል መሰለኝ። 1 ሚሊ አምፔር ቢያልፍበት 1.5 ቮልት ይሰጣል። ጊታሩ ሳይነካ ወንፊቱ የሚያርፍበት ልክ እሱ ነው። «ማረፊያ ቮልቴጅ» በለው። አድልዎ ሰው ለሰው የሚያደርገው ነገር ነው፤ እዚህ ቦታ የለውም።

«መዛባት» ላይ ግን ልቤ ሞልቶ የምናገረው አለኝ። ሚዛን ይዛባል። ፍትሕ ይዛባል። መረጃ ተዛብቶ ይቀርባል። የተዛባ ነገር ሁሉ የተበላሸ ነው፤ ሰው ተመኝቶት አያውቅም። አንተ ግን ይህን ድምፅ ብለህ ስንት ሌሊት ተቀምጠሃል! ዘፋኝ ሲያመሽ ድምፁ ምን ይሆናል? «ሻከረ» እንላለን። ያልተላገ እንጨት በእጅ ሲዳሰስ ሻካራ ነው። ቃሉ ጆሮም እጅም ያውቀዋል፤ ጥፋትም አይናገርም። አንዳንዱን ድምፅ የምንወደው ስለሻከረ ነው።

ቲዩቡ ውስጥ የሚሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የጊታሩ ሞገድ ሲበረታ ጫፉ በአንድ ጊዜ አይቆረጥም። ቀስ እያለ ጠፍጠፍ ይላል፤ አንዱ ወገን ከሌላው ቀድሞ። ያኔ መጀመሪያ ያልነበሩ ድምፆች ይወለዳሉ። ከእነሱ አንዱ ልክ አንድ ኦክቴቭ፣ ማለትም የንዝረቱ ፍጥነት በእጥፍ፣ ከፍ ብሎ አብሮ ይዘምራል። ይህን «መዛባት» ማለት በደል ነው። ድርጊቱን «ማሻከር»፣ ድምፁን «ሻካራ» በለው። «መዛባት»ን ደግሞ ሳይፈለግ ለሚመጣው እናስቀረው። ሙዚቃ እንዳለ እንዲያሰማ የተሠራ አምፕሊፋየር ድምፁን ቢለውጥ፣ ያኔ በእርግጥም ተዛብቷል።

ሌላ መልስ፦
«ሞቃት» አይሆንም። «ሞቅ ያለ» ብትለውም ያሳስታል። ጨዋታው ሞቀ ስንል ደመቀ፣ ጫጫታው በዛ ማለታችን ነው። የጠጣ ሰውም ሞቅ ይለዋል። «ሞቅ ያለ ድምፅ» ያልከው አንባቢ ጩኸት ይጠብቃል። ጊታር ተጫዋቾች የሚፈልጉት ሌላ ነው፤ ጆሮ የሚወጋው ላዩ ተገርቶ ታችና መሐሉ የሞላ ድምፅ። ለዚህ አማርኛ «ወፈር ያለ» አለው፤ ወፍራም ድምፅ፣ ቀጭን ድምፅ ስንል ነው ያደግነው። እኔ «ወፈር፣ ለስለስ ያለ» እላለሁ።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ አዲሶቹን ቃላት ይዤ ሞከርኩት። የማሞቂያው ሽቦ ቀላ እስኪልና ድምፁ እስኪመጣ ትንሽ ጠበቅሁ። አንዷን ክር በቀስታ ነካኋት፤ ወፈር ለስለስ ብላ ወጣች። ያችኑ ክር ጠንከር አድርጌ መታኋት፤ ጫፏ ላይ ብቻ ሻከር አለችና ወዲያው ጠራች። «ተዛባ» ብዬ ይህን መጻፍ አልችልም ነበር። ሁለተኛውን ክፍል ስጨምር ግን ከመጀመሪያው ክፍል የሚወጣው ምልክት (ሲግናል) መሐል ላይ መቀነስ አለበት፤ አንዱ ክፍል ብቻውን ወደ 60 እጥፍ ያጎላል። ይህንንም «ማጉላት» እንጂ «ማጮህ» አላልኩትም። መጨረሻ ላይ ያለችው የድምፅ ቁልፍ ናት የምታስጮኸው።

ሌላ መልስ፦
አንድ ቃል ልጨምር፤ ይህኛው የሕይወት ጉዳይ ነው። ደብተርህ ላይ «ካጠፋሁ በኋላ ከፈትኩት» የሚል ካለ አርመው። 300 ቮልት ያለበት ዕቃ ሶኬቱ ቢነቀልም ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ዕቃዎች) ያንን ይዘው ይቆያሉ። «ጠፍቷል» ስንል የምናስበው መብራትን ነው፤ መብራት ሲጠፋ ያልቃል። ይህ ግን ወዲያው አያልቅም። በሬዚስተር አፍስሰው፣ በሜትር ለካው፤ ከዚያ በኋላ ነው እጅ የሚገባው።

ጠያቂው፦
እውነትህን ነው፣ እንደዚያ ብዬ ጽፌ ነበር። «ጠፍቷል»ን ሰርዤ «ባዶ ሆኗል፣ ሜትሩ 0 አሳየ» አልኩት። ክዳኑ ላይም በትልቁ ጽፌ ለጥፌዋለሁ።