ነገ ጠዋት መልቀቂያ ላስገባ ነው፣ ምክንያቱን ምን ብዬ ልጻፍ? (ሐዋሳ)

የማሂ እናት (ማታ 4:20)
ሰላም ቤተሰብ፣ አስቸኳይ ነው። ልጅ የምትይዝልኝ ልጅ ዛሬ ከሰዓት ጓዟን ጠቅልላ ሄደች። እናቴ ታማለች አለች፣ እውነት ይሁን ውሸት እንጃ። ሰርቪስ 12 ከሩብ ላይ ይመጣል። በዚህ ወር ሁለቴ ቀርቻለሁ፣ ሱፐርቫይዘሬ "ሦስተኛ የለም" ብሎኛል። ደብዳቤውን ጽፌ ጨርሻለሁ፣ የቀረኝ ምክንያቱ ነው። "በግል ጉዳይ" ልበል ወይስ እውነቱን? ነገውኑ ብወጣስ ምን ያደርጉኛል? ቶሎ መልሱልኝ፣ መብራት የለም፣ ስልኬ 8 ፐርሰንት ነው።

ዳኜ
ምን ዓይነት ሥራ ነው? ስንት ዓመት ሠራሽ? ልጅቷ ስንት ወሯ ነው? አባትየውስ?

ባለ ሦስት እግር
ስልኬ ሊዘጋ ነው እያለች አንተ ሲቪ ታስሞላታለህ።

ሰላም ነኝ
የዓመት ፈቃድ ጠይቂ።

መምህሩ
እህቴ፣ ይሄ ያንቺ ብቻ ችግር አይደለም። የሥራና የቤተሰብ ግጭት ይባላል። ግሪንሃውስና ቢውቴል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1985 እ.ኤ.አ. ምንጩን በሦስት ከፍለውታል። አንዱ ጊዜ ነው፣ ሰርቪሱና ልጅቷ በአንድ ሰዓት ሲፈልጉሽ። ሁለተኛው ጫና ነው፣ የሥራውን ድካም ይዘሽ ቤት ስትገቢ። ሦስተኛው ጠባይ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ኮስተር ያለ ሰው ይፈለጋል፣ እቤት ያ አይሠራም። ደግሞ ሥራ ቤትን እንደሚያውክ ሁሉ ቤትም ሥራን ያውካል። ግጭቱ ሲበረታ ሰው ሥራውን ስለመልቀቅ ማሰብ ይጀምራል። ማሰብና መልቀቅ ግን ለየቅል ናቸው።

ባለ ሦስት እግር
መምህር፣ ነገ ልጅቷን ማን ይያዛት የሚለው ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?

አስተዳደር ክፍል የነበርኩ
ቀልዱን ተዉትና እኔ ልመልስ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜሽን ከጨረስሽ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥተሽ መልቀቅ ትችያለሽ። ምክንያት የመጻፍ ግዴታ የለብሽም። "በራሴ ፈቃድ" በቂ ነው። ነገውኑ ከወጣሽ ግን እስከ 30 ቀን ደመወዝ የሚደርስ ካሣ ከሚቀርሽ ክፍያ ላይ ሊይዙብሽ ይችላሉ። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ ካለ በገንዘብ ይታሰብልሻል። የሥራ ልምድ ሳትቀበዪ እንዳትወጪ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ሞክሪ። አንቀጽ 81 ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ለገጠመው ሠራተኛ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሰጣል፣ በዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። ሞግዚት ሄደችብኝ ማለት አሳሳቢ ነው አይደለም ብለው ይከራከሩሽ ይሆናል። ቢሆንም በጽሑፍ ጠይቂ። በሁለት ኮፒ አድርጊው፣ አንዱ ላይ የተቀበለው ሰው ይፈርምልሽ። ለሱፐርቫይዘር በቃል ነግሮ መቅረት ብዙ ሰው አስባርሯል፣ አይቻለሁ።

ቤቲ ታቦር
የዓመት ፈቃድ ውሰጂ ውዴ፣ እኔም እንደዛ ነው ያደረግሁት።

የማሂ እናት
የዓመት ፈቃዴን ከወሊዱ ጋር አያይዤ ጨርሼዋለሁ። ልብስ ስፌት ነው፣ ኳሊቲ ላይ ነኝ፣ 3 ዓመት ሆነኝ። ልጄ 9 ወሯ ነው። አባቷ ባጃጅ ነው የሚነዳው። አሁን ተኝቷል።

ሀና አቶቴ
ተኝቷል? አንቺ በ8 ፐርሰንት ከማታውቂው ሰው ጋር ትመካከሪያለሽ፣ እሱ ተኝቷል? ይቅርታ አድርጊልኝና ደብዳቤውን የጻፍሽው ለተሳሳተ ሰው ነው። ሱፐርቫይዘርሽ ልጅቷን አልወለደም።

ዳኜ
አትፍረዱ እንጂ፣ ሰውየው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው የሚውለው።

ሀና አቶቴ
እሷስ ቀኑን ሙሉ ቆማ አይደል እንዴ ሸሚዝ የምትቆጥረው?

ባለ ሦስት እግር
የሙያ ባልደረባዬ ከሆነ እኔ ልናገር። የባጃጅ ገበያ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ነው፣ ሰው ወደ ሥራ ሲገባ። ከዚያ በኋላ ማታ 11 እስኪሆን ፒያሳ ጥላ ሥር ተሰልፈን ነው የምናንቀላፋው። ስለዚህ አንድ ጎረቤት ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ብትይዝላችሁ፣ ከ3 ሰዓት በኋላ እሱ ይይዛታል። እኔ ሚስቴ ሆስፒታል ስትገባ ሁለት ሳምንት እንደዛ አድርጌያለሁ። ዳይፐር መቀየር ጎማ ከመቀየር ይቀላል። ቀስቅሺው።

እትዬ
ልጄ፣ ልጅቷ 9 ወሯ ከሆነ አጥሚትም ትጠጣለች፣ ጡት ብቻ አትጠብቅም። ማታውኑ አፍልተሽ ፔርሙስ ውስጥ አድርጊው። ጎረቤትሽን ግን በሌሊት በር አታንኳኪባት፣ ልጅ የሞተ ነው የሚመስላት። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሂጂ።

የማሂ እናት (ጠዋት 12:10)
ስልኬን ጎረቤት ቤት ነው የሰካሁት። ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ቀን አልጻፍኩበትም። እሱን ቀስቅሼዋለሁ። ሰርቪስ ጡሩንባ እየነፋ ነው።

ሀና አቶቴ
እሺ አለ ወይ?

ዳኜ
ማታ ስትገቢ ንገሪን።

ሰላም ነኝ
አሁን ነው ያየሁት። የዓመት ፈቃድ ጠየቅሽ?