አዲሱ የሒሳብ መምህር ይነሳ ወይስ ይቆይ? ድሬዎች፣ ኑ እንከራከር

ከዚራ ጥላ፦
ሰላም ድሬዎች። ነገሩን ላልሰማችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። እዚሁ ከተማችን ባለ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘንድሮ አዲስ የሒሳብ መምህር መጥቷል። ወጣት ነው። የሱንም የትምህርት ቤቱንም ስም አልጠራም፣ እናንተም አትጥሩ፤ ጉዳዩ ከአንድ ሰው በላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ስሙ የጠፋ ነው። ፎርፌው፣ ድብድቡ፣ ከእረፍት በኋላ ግማሹ ባዶ የሚሆነው ክፍል... መምህሩ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ሕግ አወጣ። ደወል ከተደወለ በር ይዘጋል፣ ማንም አይገባም። የቤት ሥራ ያልሠራ ወላጅ ያመጣል። የኮረጀ ዜሮ፣ ያስኮረጀም ዜሮ። ስልክ ከተያዘ የሚመለሰው ለወላጅ ነው። ሰልፍ ላይ ወጥቶም እነዚህን ልጆች 12ኛ ላይ አሳልፋቸዋለሁ ብሏል። ሚድ ሲፈትን አብዛኛው ልጅ ወደቀ። አሁን ወላጆች ይነሳልን ብለው ፊርማ አሰባስበዋል፣ ቅዳሜ ስብሰባ አለ።

የኔ ሐሳብ ይቆይ ነው። የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በዓመቱ 3.2። ቀጥሎ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4። እየተሻሻለ ነው እንበል፣ ግን አሁንም ከ100 ልጅ ከ90 በላዩ እየወደቀ ነው። ከዚያ በፊት ልጆቹ በየሰፈራቸው ሲፈተኑ ማርኩ ያምር ነበር። ማርኩ የማን እንደነበር ያኔ ታየ። ይሄ መምህር እውነቱን 11ኛ ክፍል ላይ ነገረን። 12ኛ ላይ ከምንሰማው አሁን ብንሰማው አይሻልም?

የቀፊራ እናት፦
ከፈረሙት አንዷ ነኝ። ለምን እንደፈረምኩ ልናገር። እኔ ገና ሳይነጋ ቀፊራ ነኝ፣ አትክልት ስረከብ። ልጄ ታናናሾቿን ቀስቅሳ፣ ቁርስ ሰጥታ፣ ውሃ ከመጣም በጀሪካን ሞልታ ነው ከቤት የምትወጣው። ውሃው ደግሞ በሷ ሰዓት አይመጣም። አምስት ደቂቃ ካረፈደች በሩ ይዘጋባታል። ከዚያ የት ትሁን? ቤት እንዳትመለስ ቁልፉ ጎረቤት ነው፣ ግቢ እንዳትቀመጥ ዘበኛው ያባርራታል። የሷ ማርፈድ ስንፍና ነው? ወላጅ አምጪ ሲላት ደግሞ እኔ የቀኑን ገበያ ትቼ ነው የምሄደው። ሄጄም ቆሜ ነው የተነገረኝ፣ ወንበር እንኳ አልቀረበልኝም። ልጄ ከ30 11 አመጣች። 9ኛም 10ኛም ሒሳብ ላይ ከ70 ወርዳ አታውቅም። እንዴት በአንድ መምህር ድንገት ደነዘዘች?

ገንደ ቆሬ፦
አቦ ይቆይ! ድሮ በአለንጋ ነበር የተማርነው፣ ማን ሞተ? አሁን ልጅ ተቆጣ ተብሎ ፊርማ ይሰበሰባል። እንደውም ቢቆነጥጣቸው ጥሩ ነው እላለሁ።

ሕግ ተማሪ፦
ገንደ ቆሬ፣ እሱን ተወው ወንድሜ። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 አንብበው፣ ሕፃን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አለው ይላል። ይሄ የፈረንጅ ቅንጦት አይደለም፣ ከ1987 ጀምሮ የራሳችን ሕግ ነው። ጥብቅ መሆንና መምታት የተለያየ ነገር ነው፣ አንቀላቅል።

11ኛ ለ፦
እኔ እዛ ክፍል ነኝ። ቲቸር ማንንም መትቶ አያውቅም፣ ሰድቦም አያውቅም። ይሄ መታወቅ አለበት። የመጀመሪያ ቀን ሲገባ መጽሐፍ አልያዘም። ሰሌዳው ላይ አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ብሎ ጻፈና ሁላችንም ወረቀት ላይ ሠርተን እንድንሰጠው አዘዘ። ብዙዎቻችን ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምረን ሁለት አምስተኛ አልን። 11ኛ ክፍል፣ ናቹራል! ወረቀቱን ሰብስቦ አየ። አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። ሰሌዳው ላይ አራት ማዕዘን ስሎ በስድስት ከፈለው። ግማሹ ስንት ቤት ነው አለን። ሦስት። ሲሶውስ? ሁለት። ሦስቱንና ሁለቱን በጠመኔ ቀባቸው፣ ከስድስቱ አንዱ ብቻ ባዶ ቀረ። አምስት ስድስተኛ። ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች ሳይቀሩ ዝም ብለው ያዩ ነበር። እኔ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ የማላውቀው ነገር ያን ቀን ገባኝ።

ግን ሌላውንም ልናገር። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ 11ኛ ክፍል መጽሐፍ ገባ፣ ማለቅ ያለበት ፖርሽን አለ አለን። እኛ እዛው ክፍልፋዩ ላይ ቀረን። ሚዱ የ11ኛ ክፍል ነበር። ወደቅን። ደግሞ ሱን ፈርተን ሒሳብ ስናጠና ፊዚክስና ኬሚስትሪ ላይ ማንም የሚጠይቀን የለም፣ የፊዚክስ ቲቸራችን አንዳንዴ ጭራሽ አይገባም።

ጡረተኛው መምህር፦
ይሄ ልጅ የጻፈውን ሁላችሁም ደግማችሁ አንብቡት፣ ክርክሩ ያለው እዛ ውስጥ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ድሬ ውስጥ አስተምሬያለሁ። አንድ 9ኛ ክፍል ውስጥ የሚቀመጡት ልጆች አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በአፋን ኦሮሞ፣ አንዱ በሶማሊኛ ተምረው የመጡ ናቸው። በቋንቋቸው መማራቸው ትክክል ነው፣ ደጋፊው ነኝ። ግን 9ኛ ላይ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆናል። ልጁ ሒሳቡን ሳይሆን ጥያቄውን ማንበብ ያቅተዋል፣ ከዚያ መኮረጅ ይጀምራል። ድሮ 10ኛ ላይ አገር አቀፍ ፈተና ነበር። ክፉም ይሁን ደግ፣ ልጁም ወላጁም የት እንደቆሙ ያዩበት ነበር። እሱ ከቀረ በኋላ ከ8ኛ እስከ 12ኛ ድረስ ከትምህርት ቤቱ ማርክ ውጪ ምንም መስታወት የለም። ማርኩ ከዋሸ አራት ዓመት ሙሉ ይዋሻል።

እመቤቴ፣ የቀፊራዋ እናት፣ ልጅሽ አልደነዘዘችም። ምናልባትም ጎበዝ ናት። ግን ያ 70 ከምን ከምን እንደተጠራቀመ ደብተሯን ከፍተሽ እይው። አሁን ይነሳ የምንለው ያን ያልነገረንን ትተን የነገረንን ሰው ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይሄን።

ለመምህሩም የምለው አለኝ። ልጁ የት ቦታ እንደቀረ በመጀመሪያው ቀን በዓይኑ አይቷል። አይቶ ካለፈ ጥብቅነቱ ማስተማር ሳይሆን ማጣራት ይሆናል። የ5ኛውን ክፍል ጉድጓድ ሳትሞላ 11ኛውን አትሠራም። ማጣራቱን ሚኒስቴሩም እየሠራው ነው፣ ለሱ መምህር አያስፈልግም።

ጠመኔ፦
እኔ በሥራ ላይ ያለሁ መምህር ነኝ፣ ሌላ ትምህርት ቤት። 70 እንዴት እንደሚመጣ እኔ ልንገራችሁ። ፋይናሉ ከ40 ይያዛል እንበል። የቀረው 60 ሚድ፣ ኩዊዝ፣ አሳይመንት፣ የቡድን ሥራ፣ የደብተር አያያዝ፣ ተሳትፎ ነው። የቡድን ሥራውን አንድ ልጅ ይሠራል፣ አምስቱም ያው ማርክ ይያዝላቸዋል። አሳይመንቱ ተገልብጦ ይመጣል። ደብተር ላለው ሁሉ 10 ከ10። በዚህ ሒሳብ ፋይናል ላይ 8 ያመጣ ልጅ 60 ይዞ ያልፋል። እምቢ ብለህ እውነተኛውን ስትሞላ ሮስተሩ (የማርክ መዝገቡ) ከመዘጋቱ በፊት ቢሮ ትጠራለህ። አስተካክል ብሎ በግልጽ የሚልህ የለም። ልጆቹን እርዳቸው ነው የሚሉህ፣ የመምህሩ ውጤት አሰጣጥ ይታይ ይሉሃል። ብዙ ልጅ የጣለ መምህር የግምገማ ነጥቡ ይወርዳል። እኔ ከዚያ በኋላ የተማሪ ጉዳይ ሳይሆን የእንጀራ ጉዳይ ነው የሚሆንብኝ።

ስለዚህ ይሄን ወጣት መምህር ካነሳችሁት ሌሎቻችን የምንማረው ነገር አንድ ብቻ ነው። ማርክ ስጥ፣ በሰላም ኑር።

የቀፊራ እናት፦
ሁሉም ገብቶኛል። የበሩን ነገር ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ባለባጃጅ፦
እኔ ልመልስልሽ እህቴ። ከበር የተመለሱትን ልጆች ቀን ቀን የማያቸው እኔ ነኝ። መጀመሪያ አጥሩ ሥር ጥላ ይዘው ይቆማሉ። ፀሐዩ ሲበረታ ይነሳሉ። ሸሚዙን አውልቀው ቦርሳ ውስጥ ይከቱታል፣ አንዳንዱ ገልብጦ ይለብሰዋል፣ የትምህርት ቤቱ አርማ እንዳይታይ። ከዚያ ፑል ቤት ነው። ፑል ቤቱ ከትምህርት ቤቱ አጥር ብዙም አይርቅም። ቀትር ላይ የአወዳይ ጫት ሲገባ ከትላልቆቹ ጋር አብረው ይቀመጣሉ። ሴቶቹን ደግሞ ባለመኪና መጥቶ እንሂድ ይላቸዋል፣ በዓይኔ አይቻለሁ። መምህሩ ክፍሉ ውስጥ ሥርዓት አስይዟል፣ እውነት ነው። ግን ከሱ ክፍል የወጣው ልጅ እኔ ያለሁበት ጎዳና ላይ ነው የሚመጣው። በር የሚዘጋ ሰው ከበሩ ውጪ ያለውንም ማየት አለበት።

ገንደ ቆሬ፦
ታዲያ ክፍት ይሁንና እንደ ድሮው ሲወጡ ሲገቡ ይዋሉ? ሥርዓት ከሌለ የሚማረውም አይማርም።

11ኛ ለ፦
ክፍት ይሁን ያለ የለም። ድሮ አንድ ፔሬድ ውስጥ ስንት ጊዜ በሩ እንደሚንኳኳ አታውቅም፣ ቲቸር ሐሳቡን ሳይጨርስ ነበር ደወል የሚደወለው። አሁን ይሰማል፣ ከኋላ እንኳ ይሰማል። እኔ በሩ ይዘጋ ነው የምለው። ግን ቤተ መጻሕፍቱ እኮ ሁልጊዜ ተቆልፎ ነው የሚውለው። ያረፈደ እዛ ይግባ።

ከዚራ ጥላ፦
ልጁ ከኛ ቀደመ። እኔም ያንን ነው ቅዳሜ የማነሳው፣ ጨምሬበት።

አንደኛ ያረፈደ ልጅ ከግቢ አይውጣ። ቤተ መጻሕፍቱ ይከፈት፣ የዕለቱን ጥያቄ እዛ ይሥራ፣ ወረቀቱን ለመምህሩ ሰጥቶ ሁለተኛው ፔሬድ ላይ ይግባ። ሁልጊዜ የሚያረፍድ ካለ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የሆምሩም መምህር አለ፣ ሥራው ነው፣ ይጠይቅ። የቀፊራዋ እህታችን ልጅ ምክንያት ታውቆ ቢሆን ኖሮ እስከ ፊርማ ባልደረስን። ወላጅ ጥራ የሚባለውም ነገር በስልክ ሊያልቅ ይችላል፣ ሰው ከገበያው ተነስቶ የሚመጣው ለከባድ ነገር ብቻ ይሁን። ሲመጣም ወንበር ይሰጠው። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፣ እናት ቆማ ስትወቀስ ያየ ልጅ ሒሳቡንም መምህሩንም ይጠላል።

ከሁሉ በላይ ግን የማርኩ ጉዳይ ነው። የሚዱ ውጤት እንዳይነካ። ማንም ቢሮ ጠርቶ እርዳቸው እንዳይለው፣ ይሄን ወላጆች ራሳችን በቃለ ጉባኤ እናስይዝ። ይነሳ የሚለው ፊርማ ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ከደረሰ፣ ውጤቱ እንዳይነካ የሚለው ፊርማም አጠገቡ መቀመጥ አለበት።

ጡረተኛው መምህር፦
ጥሩ። ግን የ5ኛ ክፍሉን ክፍልፋይ መቼ ሊያስተምራቸው ነው? በፔሬዱ ውስጥ አይችልም። ፖርሽን ካልጨረሰ ሱፐርቫይዘሩ ይመጣበታል። ክፍሉ ውስጥ ከ60 በላይ ልጅ አለ፣ መመዘኛው 40 ቢልም። ከሰዓት ፈረቃ የሆነ ቀን ደግሞ ቆርቆሮው ሥር ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። የማጠናከሪያ ትምህርት ካልተጀመረ የተናገርነው ሁሉ ወሬ ነው። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት፣ ሳይሞቅ። እኔ ጉልበት አለኝ፣ ክፍልፋዩን እኔ አስተምራለሁ። በነፃ።

ጠመኔ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥዎት። እርስዎ በነፃ ይምጡ፣ ደስ ይለናል። እሱን ግን በነፃ ቅዳሜም እሑድም ና አትበሉት። የመምህር ደመወዝ የት እንደሚደርስ እያወቃችሁ። ጎበዝ ጎበዞቹን እያየናቸው ወደ ግል ትምህርት ቤት የሄዱት፣ ሌላ ሥራ የያዙትም እንዲህ እያልን አድክመናቸው ነው። የመጀመሪያው ዓመት እንደ እሳት ነው፣ ሁለተኛው ዓመት ይበርዳል፣ በሦስተኛው ማስታወቂያ ያያል። ሊያሳልፋቸው ቃል የገባው ብቻውን ነው፣ ብቻውን ደግሞ አይችልም። ሰባት መምህር በሚገባበት ክፍል አንዱ ብቻ ጥብቅ ከሆነ ልጆቹ የሚያዩት የሱን ክፋት እንጂ የሌሎቹን ስንፍና አይደለም። የፊዚክሱ መምህርም ክፍል ይግባ፣ ስብሰባው ላይ ይሄም ይጠየቅ።

ገንደ ቆሬ፦
ለመምህሩ የትራንስፖርትና የሻይ ወላጅ ያዋጣ። እኔ ልጅ የለኝም ግን ታናሽ ወንድሜ እዛ ነው፣ አዋጣለሁ።

የቀፊራ እናት፦
ያለው ያዋጣ፣ የሌለው ግን ልጁ ከማጠናከሪያው እንዳይባረር። እሱም ይጻፍ።

እኔ ፊርማዬን የማነሳው በሩ ከተስተካከለ ነው። ካልተስተካከለ እዛው ይቆያል። መምህሩን ጠልቼ አይደለም፣ ልጄ ጎዳና ላይ እንዳትቀር ነው። ትናንት ማታ ደብተሯን አስከፈትኳት። ማንበቡን አልችልም ግን ቀይ እስክሪብቶ አውቃለሁ፣ የአምናውን ብታገላብጠው ራይት እንኳ የለበትም። የዘንድሮው እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀይ አለ፣ ስህተቱ ሥር ትክክለኛው በእጅ ተጽፏል። ለ60 ልጅ እንዲህ ይጽፋል ማለት ነው? እሱን ቅዳሜ ራሱን እጠይቀዋለሁ። ስብሰባው ስንት ሰዓት ነው?

ከዚራ ጥላ፦
ጠዋት 3 ሰዓት። የአምናውንም ደብተር ይዘሽው ነይ።