የጀርመን ዜግነት በስደተኛ ፓስፖርት፦ የማንነት ማስረጃ እና የተሳሳተ የልደት ቀን

ጥያቄ (ሰላም ከሄሰን)
ጤና ይስጥልኝ። ጀርመን ከገባሁ 6 ዓመት ሆኖኛል። ባምፍ (የጀርመን የስደተኞች ጉዳይ ፌዴራል መሥሪያ ቤት) ሙሉ ስደተኝነት ሰጥቶኝ በሰማያዊው የስደተኛ ፓስፖርት ነው ያለሁት። የዜግነት ማመልከቻ ላስገባ ስል የዜግነት ቢሮው ሰዎች «የአገርሽን ፓስፖርት ወይም ሌላ የማንነት ማስረጃ አምጪ» አሉኝ። እጄ ላይ ያለው የልደት ካርድ እና የ10ኛ ክፍል ውጤት ብቻ ነው። የባሰው ደግሞ እዚህ የተመዘገብኩት 12.05.1985 ተብዬ ነው፤ ካርዱ ላይ ያለው ጥር 12 ቀን 1985 ነው። ኤምባሲ ልሂድ? ጊዜውስ ከመቼ ይቆጠራል?

መልስ (የወረቀት ሰው)
እህቴ፣ ኤምባሲ እንዳትሄጂ። የስደተኝነት ከለላ ያለው ሰው በፈቃዱ የአገሩን ፓስፖርት ካወጣ ባምፍ ከለላውን ለመሰረዝ ፋይሉን ሊከፍት ይችላል። ይህንኑ ለዜግነት ቢሮው በጽሑፍ አስረጂ፤ በቃል የተባለ ነገር ፋይል ውስጥ አይገባም።
የፌዴራሉ አስተዳደር ፍርድ ቤት በ2020 ማንነት በደረጃ እንደሚረጋገጥ ወስኗል፦ ፓስፖርት ከሌለ ፎቶ ያለው ሌላ የመንግሥት መታወቂያ፣ እሱም ከሌለ እንደ ልደት ካርድና የትምህርት ማስረጃ ያለ ሰነድ፣ ሁሉም ከጠፋ የራስሽ ቃል። ግን ቢሮው ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚወርደው በላይኛው መሞከርሽን ወይም የማይቻልበትን ምክንያት ስታሳዪ ነው። አዲስ ሰነድ ከአገር ቤት ላስወጣ ካልሽ ውክልና ይጠየቃል፤ ውክልናው ደግሞ ዞሮ ዞሮ ኤምባሲ ይወስድሻል። ስለዚህ ያለሽን አጠናክሪ፦ የክርስትና ካርድ፣ የቀበሌ መታወቂያ ኮፒ፣ የወላጆችሽ መታወቂያ። ዋናውን አሳይተሽ ኮፒውን ስጪ።

መልስ (ባሕረ ሐሳብ)
ቀኑን በተመለከተ፣ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሳይለወጥ ነው የተጻፈው። ጥር 5ኛ ወራችን ስለሆነ 12/5/1985 የሚለው እንዳለ ገባ። ትክክለኛው በአውሮፓ 20.01.1993 ነው፤ 8 ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ልዩነት! ብዙ ሰው ለሁሉም ወር 7 ዓመት እየደመረ ሌላ ስሕተት ይፈጥራል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ነው የሚደመረው።
ቃለ መሐላ የፈጸመው ተርጓሚ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን እንዲያሰፍር፣ ስምሽንም ፓስፖርቱ ላይ ባለው ፊደል እንዲጽፍ ንገሪው። አንዳንዱ በራሱ አጻጻፍ ይተረጉምና አንድ ሰው ሁለት ሆኖ ይቀራል። እርማቱን ለውጭ ዜጎች ቢሮ አሁኑኑ አመልክቺ። ቁጥሮቹ አንድ መሆናቸው ራሱ እንዳልዋሸሽ ይመሰክርልሻል። ደብቀሽ ማለፍ ግን አያዋጣም፤ በሐሰት መረጃ የተገኘ ዜግነት እስከ 10 ዓመት ድረስ ሊነጠቅ ይችላል።

መልስ (ኦፈንባኽ)
ጊዜው 5 ዓመት ነው። በደንብ ለተዋሐዱ ሰዎች የነበረው የ3 ዓመቱ አቋራጭ መንገድ በኦክቶበር 2025 ቀርቷል። ስደተኝነትሽ ስለጸደቀ ጥገኝነት ጠይቀሽ የጠበቅሽበትም ይቆጠርልሻል። በመኖሪያ ሕጉ አንቀጽ 25 ንኡስ 3 (ወደ አገር የመመለስ እገዳ) የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ግን በዚያ ወረቀት ዜግነት አያገኙም፤ መጀመሪያ ቋሚ መኖሪያ ወይም ሌላ ለዜግነት የሚያበቃ ፈቃድ ማውጣት አለባቸው።
የሚፈለገው ቢ1 (መካከለኛ ደረጃ) ጀርመንኛ እና የዜግነት ፈተናው ነው፦ 33 ጥያቄ፣ 17 መመለስ፣ 60 ደቂቃ፣ 25 ዩሮ። የማመልከቻው ክፍያ 255 ዩሮ ነው፤ ገቢ የሌለው ልጅ አብሮሽ ሲገባ 51። ከጆብሴንተር (የሥራ አጥ ድጎማ ቢሮ) ድጎማ የምትወስጂ ከሆነ ያስቀርሻል፤ ሙሉ ሰዓት እየሠራሽ ካለፉት 24 ወራት 20ውን እንዲሁ ከሠራሽ ግን ያልፋል። ኪንደርጌልድ (የልጆች አበል) ችግር የለውም።

ሰላም ከሄሰን
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጀርመን ሁለት ዜግነት ፈቅዷል ይባላል፤ ታዲያ ኢትዮጵያዊነቴ ይቀጥላል ማለት ነው?

መልስ (የወረቀት ሰው)
በጀርመን በኩል ከጁን 27 ቀን 2024 ጀምሮ ተፈቅዷል። የእኛ አዋጅ ግን አልፈቀደም፤ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 20 መሠረት ወደሽ የሌላ አገር ዜግነት ስትወስጂ የኢትዮጵያውን እንደተውሽ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ ያለሽ አማራጭ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርዱ ነው። ያለ ቪዛ ትገቢያለሽ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ትሠሪያለሽ፤ መምረጥና መመረጥ፣ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥራት ግን አይፈቀድም። ለካርዱም የትውልድ ማስረጃ ስለሚጠየቅ ያንን የልደት ካርድ ዋናውን ለማንም እንዳትሰጪ።