ክርክር፦ ለንባብ ቤቱ የኮራል ገንዳ ፍሎረሰንት ወይስ ኤልኢዲ?

አስተባባሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ላልሰማ ባጭሩ፦ ጅማ የሕዝብ ንባብ ቤት መግቢያ ላይ፣ በመዋጮ፣ የባሕር ውሃ አኳሪየም ልናቆም ነው። 120 ሳንቲ ርዝመት፣ 50 ወርድ፣ 50 ቁመት፤ 300 ሊትር ማለት ነው። ዓሣ ብቻ ሳይሆን ሕያው ኮራል (ባሕር ውስጥ ተክል መስሎ ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ) ይኖርበታል። ባሕር አይቶ የማያውቅ የጅማ ልጅ ቀይ ባሕር ውስጥ ያለውን ነገር በዓይኑ ይየው ብለን ነው የተነሣነው። መስታወቱ አልቋል። ከጅዳ የተመለሰው ወንድማችን ባለ 4 ቱቦ ቲ5 (ቀጭኑ ዓይነት) ፍሎረሰንት በነፃ ሰጥቶናል። ግማሾቻችሁ ግን "ዘመኑ የኤልኢዲ ነው፣ የሰው ገንዘብ በአሮጌ ዕቃ ላይ አይዋል" አላችሁ። ገንዘቡ የሕዝብ፣ ቆጣሪውም የሕዝብ ስለሆነ እዚሁ እንከራከርና ይለይ። የኔን ሐሳብ ኋላ እናገራለሁ።

የጅዳው፦
ዕቃው የኔ ነበርና እኔ ልጀምር። አሠሪዬ ቤት የነበረውን ገንዳ 6 ዓመት ያጠብኩት፣ ጨው የለካሁት፣ ቱቦ የቀየርኩት እኔ ነኝ። ቲ5ን የምወድበት ምክንያት አንድ ነው፤ ጥላ የለውም። ቱቦው ከዳር እስከ ዳር ስለሚዘረጋ ብርሃኑ ከየአቅጣጫው ይወርዳል፣ የኮራሉ ጎንና ሥርም ድርሻውን ያገኛል። ርካሽ ኤልኢዲ ከአንድ ነጥብ ነው የሚመታው፤ አናቱ ሲያምር ሥሩ ይገረጣል። ሁለት ሰማያዊ፣ ሁለት ነጭ ቱቦ ይደረግለታል። ጠዋት መጀመሪያ ሰማያዊዎቹ ብቻ ይበራሉ። ያኔ ኮራሉ ከውስጡ አረንጓዴና ብርቱካናማ ሆኖ ሲፈካ፣ እናንተው ራሳችሁ አፋችሁን ከፍታችሁ ትቆማላችሁ። ደግሞ ጅዳ እያለን የመብራቱን ሙቀት ለመግፋት ማቀዝቀዣ ነበር የምንገዛው። የጅማ ሌሊት ግን ታውቁታላችሁ፤ እዚህ ሙቀቱ ይጠቅመናል።

የሂርማታ ሱቅ፦
ወንድሜ፣ ሁሉም ጥሩ። ቱቦው የት አለ? እኔ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ ነኝ፤ መደርደሪያዬ ላይ ያለው ቲ8 ባለ 36 ዋት ዴይላይት ነው። ትናንት አንዱን በጋዜጣ ጠቅልዬ ሄጄ ካንተ ዕቃ ጋር አስጠጋሁት። የኔው ውፍረቱ 26 ሚሊ ሜትር፣ ያንተው 16። የኔው ሁለት እግሮች በ13 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፣ ያንተው በ5። ርዝመቱም አይገጥምም፤ የኔው 1 ሜትር ከ20 ሲሆን ያንተው ባለ 54 ዋት 1 ሜትር ከ15 ነው። በየትም በኩል አይገባም። ሰማያዊ ቱቦማ እዚህ ከተማ ሲሸጥ አይቼ አላውቅም። ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብን።

ተማሪ ነኝ፦
ይቅርታ፣ የቲ8 ማቀፊያ ገዝተን የሱቁን ዴይላይት ብንደረድርስ? ለዓይን እኮ ቀን ነው የሚመስለው።

የባዮሎጂ መምህርት፦
ችግሩ እዚያ ላይ ነው፣ ልጄ። ላንተ ዓይን ቀን የሚመስለው ለኮራሉ ቀን አይደለም። ኮራል እንስሳ ነው፤ ሥጋው ውስጥ ግን ጥቃቅን አልጌዎች አብረውት ይኖራሉ፣ ከሚያስፈልገው ጉልበት አብዛኛውን የሚመግቡት እነሱ ናቸው። እነሱ ደግሞ አብዝተው የሚጠቀሙበት ሰማያዊውን፣ የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 500 ናኖ ሜትር የሆነውን ብርሃን ነው። ባሕር ቀዩን ቶሎ ውጦ ሰማያዊውን ስለሚያሳልፍ ለዚያ የተፈጠሩ ናቸው። የሰው ዓይን ግን ከሁሉ የሚነቃው በ555 ናኖ ሜትር፣ አረንጓዴው ላይ ነው። የሱቁ ዴይላይት ቱቦ (የብርሃኑ ቀለም 6500 ኬልቪን የሚባለው) የተሠራው ለዓይናችን ነው፤ ገንዳው ላይ ከኮራሉ ይልቅ መስታወት ላይ የሚለጠፈውን አረንጓዴ አልጌ ያስደስታል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ባለፈው አንዳችሁ በስልክ ሉክስ ለክቶ "ይበቃል" ብሎ ነበርና። ሉክስ ለሰው ዓይን የሚታየው ብርሃን መለኪያ ነው። ሰማያዊ መብራት በሉክስ ደካማ መስሎ ለኮራሉ ግን ኃይለኛ ሊሆን ይችላል። ለኮራሉ የሚለካው ከ400 እስከ 700 ናኖ ሜትር ያለው ብርሃን ሁሉ ነው፤ ፓር ይባላል። ለስላሳ ኮራሎች ከ50 እስከ 150 ባለው ይኖራሉ። ድንጋይ የሚሠሩት ቅርንጫፋማዎቹ ከ200 በላይ ይፈልጋሉ። እኛ በለስላሳዎቹ እንጀምር ካልን፣ ግማሹ ክርክር እዚሁ ይበርዳል።

ጋሼ ባላስት፦
(ስሙን ያወጣችሁልኝ እናንተ ናችሁ፣ ይሁን።) ከቡና መጋዘን እስከ ቢሮ በዚህ ከተማ ያልቀየርኩት ቱቦ የለም። ቢሮ ውስጥ ቱቦ የሚጣለው ጫፉ ጠቁሮ ብልጭ ድርግም ሲል ነው። የጅዳውን ጠየቅሁት፤ የኮራል ቱቦ ደህና እየበራ በ9 ወይም በ12 ወሩ ይጣላል አለኝ። ውስጡ የተቀባው ዱቄት ስለሚደክም ብርሃኑ ይቀንሳል፣ ቀለሙም ይሸሻል፣ ዓይን ግን አያውቅበትም። ይህን ሰምቼ ነው የፈራሁት። የሚበራ ቱቦ አውጥታችሁ አዲስ ግዙ ብትሉ የትኛው ንብረት ክፍል ይፈርማል?

ሁለተኛ፣ ቲ5 በድሮው ባላስት (ወደ ቱቦው የሚገባውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ዕቃ) እና ስታርተር አይነሣም፤ ኤሌክትሮኒክ ባላስት ነው የሚፈልገው። ኤሌክትሮኒክ ባላስት ደግሞ የኛን መስመር መውጣት መውረድ አይችልም። ስታብላይዘር ከሌለ ዓመት አይደፍንም።

ቀዝቃዛ ውሃ፦
እናንተ ስለ ቱቦ ትጨቃጨቃላችሁ፣ እኔ መነሻውን ነው የምቃወመው። ቦዬ ረግረጉ ከአፍንጫችን ሥር አለ፣ ጉማሬ ሳይቀር ያለበት። ግልገል ጊቤ ላይ ቆሮሶ አለ። ለልጆቹ ቆሮሶና አምባዛ በመስኮት ብርሃን ማሳየት እየተቻለ የባሕር ኮራል ምን ይሠራል? ደግሞ ቱቦው ሜርኩሪ አለበት። በዓመት 4 ቱቦ የት ልትጥሉት ነው፣ አዌቱ ወንዝ ውስጥ? ኮራሉስ ከየት ሊመጣ ነው? ሳይተስ የሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ላይ ኢትዮጵያ ከ1989 (እንደ ፈረንጅ) ጀምሮ አባል ናት፤ ድንጋይ የሚሠሩ ኮራሎች ደግሞ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገሩም።

የጅዳው፦
የኮራሉን ልመልስ። ከባሕር አይነቀልም። ገንዳ ውስጥ ካደገው ላይ ቁራጭ ተወስዶ ነው የሚባዛው፣ ልክ እንደ ቁልቋል። ወረቀቱ ግን ልክ ነህ፣ ለቁራጩም ያስፈልጋል። ቲቸር ያለችው ለስላሳው ግን ከዚያ ዝርዝር ውጪ ነው።

የሂርማታ ሱቅ፦
ስለ ሜርኩሪው ቀዝቃዛ ውሃ እውነት አለው። የአውሮፓ ኅብረት ተራ ቲ5 እና ቲ8 ለገበያ ማቅረብን በነሐሴ 2023 ዘግቷል። በዚያው ዓመት ሜርኩሪን ለመቀነስ የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት አገሮች ጄኔቭ ተሰብስበው ለመደበኛ መብራት የሚሆነው ቱቦ በ2027 መጨረሻ እንዲቆም ተስማሙ። ከዱባይ ዕቃ የሚያመጡልኝ ሰዎችም ካሁኑ "ኤልኢዲ ውሰድ" ነው የሚሉኝ።

የባዮሎጂ መምህርት፦
"ለመደበኛ መብራት" ነው ያልከው። የአኳሪየም ቱቦ ልዩ አገልግሎት ነው፣ በቀጥታ አይነካውም።

የሂርማታ ሱቅ፦
ወረቀቱ አይነካውም፣ ገበያው ይነካዋል። ፋብሪካው ለቢሮ ማምረት ካቆመ ለዓሣ ብቻ ብሎ ምድጃ ያነዳል?

ተማሪ ነኝ፦
መብራት ሲሄድስ? እኛ ሠፈር ባለፈው ሳምንት ሙሉ ቀን አልነበረም።

የጅዳው፦
መብራት ሲሄድ መብራቱ አያሳስብህ። ኮራል በደመና ቀንም ይኖራል፤ አንድ ሁለት ቀን ቢጨልምበት አይሞትም። የሚገድለው የፓምፑ መቆም ነው። ውሃው ካልተንቀሳቀሰ አየር ያልቅና በሰዓታት ውስጥ ዓሣው አፉን ወደ ላይ አውጥቶ ሲያለከልክ ታየዋለህ። ከመዋጮው መጀመሪያ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይገዛ። ከዚያ ነው ስለ ቱቦ የምንጣላው።

ጋሼ ባላስት፦
ይህ ልጅ አሁን ገባኝ። እንግዲህ የቆጣሪውንም ላስላላችሁ፣ ኤልኢዲዎች እንዳትኩራሩ። 4 ጊዜ 54፣ 216 ዋት ነው። በቀን 9 ሰዓት ቢበራ 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ኤልኢዲው ግማሹን ይበላል እንበል፤ ያተረፋችሁት በቀን 1 ነው። ውሃውን 25 ዲግሪ ላይ የሚያቆየው ባለ 300 ዋት ማሞቂያ ግን በጅማ ብርድ የቀኑን ግማሽ ከሠራ ብቻውን 3.6 ይወስዳል። ከመብራቱ በፊት የገንዳውን ጀርባና ሥር በስፖንጅ አልብሱት።

ቀዝቃዛ ውሃ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ከየትኛው ወገን ነዎት?

ጋሼ ባላስት፦
ከስታብላይዘር ወገን።

አስተባባሪው፦
እሺ፣ የኔን ልናገር። ለኮራሉ የሚሻለው የቱ ነው ብትሉኝ፣ ጥሩ ቲ5 ከርካሽ ኤልኢዲ እንደሚሻል የጅዳው አሳምኖኛል። ግን ጥያቄው እሱ አይመስለኝም። በ10ኛው ወር ቱቦው ሲደክም እዚህ ከተማ ማን ያመጣል? ኤልኢዲ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ ያንን መርካቶ ያለ ሬዲዮ ጠጋኝ ከፍቶ ይሠራዋል። የደከመ ቱቦ ግን የሚጠግን የለም። እኔ ኤልኢዲ ነኝ። የጅዳው ወንድሜ አትቀየመኝ።

የጅዳው፦
አልቀየምም፣ ግን ካርቶኑን ከፍታችሁ አላያችሁም መሰለኝ። ከማቀፊያው ሥር ያልተነኩ 4 ቱቦዎች አሉ። ቱቦ በካርቶን ውስጥ አያረጅም፣ የሚያረጀው ሲበራ ነው። አሁን እኔ የምለው፦ ከአራቱ ሁለቱን ቦታ ለኤልኢዲ ልቀቁ፣ ሁለቱን ለቱቦ ተዉልኝ። ሁለት አሁን፣ ሁለት ከ10 ወር በኋላ። 20 ወር ሄድን ማለት ነው። ኮራሉም አዲሱን ብርሃን ቀስ ብሎ ይለምዳል፤ በአንዴ ኃይለኛ ብርሃን ከጣላችሁበት ደንግጦ አልጌውን ይተፋና ይነጣል።

ጋሼ ባላስት፦
ይሆናል። የሁለቱን ባላስት አውጥቼ ኤልኢዲውን እዚያው አንጸባራቂው ሥር አስራለሁ። ገመዱንም የውሃ ጠብታ ተከትሎት ሶኬት እንዳይገባ ወደ ታች እጥፍ አድርጌ እሰቅለዋለሁ። ጨዋማ እንፋሎት ነው፣ ቀልድ የለም።

የሂርማታ ሱቅ፦
የተጣለውን ቱቦ እኔ ሳይሰበር በካርቶኑ እሰበስባለሁ። ከ20 ወር በኋላ ግን ቱቦ ፍለጋ እንዳትልኩኝ።

አስተባባሪው፦
ተቃውሞ ያለው እስከ ዓርብ ይጻፍ። ካልሆነ ሁለት በሁለት ይሁን።

ቀዝቃዛ ውሃ፦
ተቃውሞዬ እንዳለ ሆኖ መዋጮዬን ሰጥቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ጨው በሊትር 35 ግራም ካላችሁ ከ10 ኪሎ በላይ ነው። የአፍዴራ ጨው ከሱቅ ልትገዙ ነው?

የጅዳው፦
ኧረ በአላህ! አዮዲን የገባበት የወጥ ጨው? ካልሲየም የለው፣ ማግኒዚየም የለው! የዝናብ ውሃም ከቆርቆሮ ላይ እንዳታጠራቅሙ፣ ዚንክ ይዞ ይወርዳል። ማንም ምንም ነገር ገንዳው ውስጥ እንዳይጨምር፤ ቅዳሜ ጠዋት እኔ ራሴ እመጣለሁ።