የተመራጫችንን ሥራ እንመዝግብ ወይስ እንተወው? የጅማ ልጆች ክርክር

የሒርማታ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት የተነሳው ነገር በንዴት ስለተበታተነ ጥያቄውን እንደገና ላቅርብ። ሰኔ 14 ቀን 2013 የመረጥናቸው ሰዎች አምስት ዓመታቸውን ወደ መጨረስ ተቃርበዋል። መስከረም 24 ቀን 2014 ሥራ የጀመረው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ብዙ አዋጅ ማጽደቁን ከዜና ሰምተናል። የእኛ ተወካይ በየትኛው ላይ እጃቸውን እንዳወጡ የሚያውቅ ሰው ግን ከመካከላችን አላገኘሁም። ሐሳቤ ይህ ነው፦ እኛው መዝገብ እንክፈት። የተገኙበት ቀን፣ የተናገሩት፣ የሰጡት ድምፅ፣ ወደ መራጩ የመጡበት ጊዜ ይጻፍ፤ በየወሩ መጨረሻም እዚሁ ይለጠፍ። የምትደግፉም የምትቃወሙም ምክንያታችሁን አስቀምጡ። አንድ ልመና አለኝ፦ ስም አትጥሩ፣ የትኛው ምርጫ ክልል እንደሆነም አትጻፉ። የምንከራከረው ስለ አሠራሩ ነው።

ቡና አቅራቢው፦
እቃወማለሁ። የሚመዘገብ ነገር ሲኖር ነው መዝገብ የሚከፈተው። ድምፁ የፓርቲው እንጂ የሰውየው አይደለም። በ2007 ምርጫ 547ቱን ወንበር በሙሉ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ያዙት። በ2009 የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051 የወጣው በዚያ ምክር ቤት ነው። ያን ጊዜ ከገበሬ ጀንፈል፣ ማለትም ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና፣ እየገዛሁ ነበር። ከኢትዮጵያ ምርት ገበያ ውጭ ከላኪ ጋር በቀጥታ ትስስር የምንሸጥበትን በር የከፈተ ሕግ ነውና እንጀራዬን በቀጥታ ይነካል። ጠቀመኝ ወይስ ጎዳኝ የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ይወጣዋል። እንበልና ያን ጊዜ መዝገብ ነበረን፤ የእኛ ተወካይ ምን ተብሎ ይጻፍ ነበር? «ደገፈ።» የጎረቤት ወረዳውስ? «ደገፈ።» ይህን ለመጻፍ ደብተር መግዛት ኪሳራ ነው።

የሕግ ተማሪዋ፦
ጋሼ፣ ስለ ፓርቲው ያሉትን አልክድም። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 4 ላይ የምክር ቤቱ አባል ተገዥነት ለሦስት ነገር ብቻ መሆኑን ይናገራል፦ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡ እና ለሕሊናው። ፓርቲ የሚል ቃል እዚያ ውስጥ የለም። አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ካስቀመጠ በኋላ፣ ሕዝብ በተወካዩ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ይደነግጋል። ምን እንደሠራ የማላውቀውን ሰው በምን ላይ ተመሥርቼ ነው እምነት ያጣሁበት ወይም የጸናሁበት? መብቱ ያለ መዝገብ ወረቀት ላይ የቀረ መብት ነው።

ቡና አቅራቢው፦
ወረቀት ላይ መቅረቱን አንቺው ተናገርሽ።

ባለ ምግብ ቤቷ፣ መርካቶ፦
እኔ የስብሰባውን ነገር ልናገር፣ አንድ ጊዜ ተጠርቼ ስለነበር። ክረምት ላይ ነው። ከቀበሌ ሰው መጥቶ በስም የተጻፈ ደብዳቤ ሰጠኝ፤ ጎረቤቴ ግን አልተሰጣትም። ለምን እኔን እንደመረጡኝ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ምናልባት ምሳ ስለሚበሉ ይሆናል። ምግብ ቤቱን ለልጄ ትቼ ሄድኩ። አዳራሹ ሞልቷል፣ ከፊት ሦስቱ ረድፍ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ሪፖርት ተነበበ፤ እስኪያልቅ ሁለት ሰዓት ያህል ሄደ። ከዚያ ቁርጥራጭ ወረቀት ታደለና ጥያቄያችንን ጻፉ ተባልን። ጻፍኩ። ሰብሳቢው ወረቀቶቹን ሰብስበው «ጥያቄዎቹ ተመሳሳይ ስለሆኑ ጨምቀን እናቀርባለን» አሉ። የእኔ የውኃ ጥያቄ፣ የአንዱ የመንገድ፣ የሌላው የልጅ ሥራ ማጣት አንድ ላይ ተጨመቀና «የመሠረተ ልማትና የኑሮ ውድነት ጥያቄዎች» ሆኖ ወጣ። ተመራጩም «በሂደት ይፈታል» ብለው መለሱ። እንጀራ ስጋግር ሊጡ ሲቀጥን አውቃለሁ፤ ያ ስብሰባ የቀጠነ ሊጥ ነበር። መዝገብ የምትሉት ይህንንም የሚይዝ ከሆነ እኔ ገንዘብ አዋጣለሁ።

የመንግሥት ሠራተኛው፦
እትዬ፣ ቅር እንዳይልዎት እንጂ የውኃው ጥያቄ የተሳሳተ በር ያንኳኳ ነው። የከተማ ውኃ የከተማ አስተዳደሩና የክልሉ ጉዳይ ነው፤ ለዚያ የመረጥነው የጨፌ ኦሮሚያ አባል አለ። አዲስ አበባ ያለውን ሰው መጠየቅ ያለብን ስለ ዩኒቨርሲቲው፣ ስለ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ከአዲስ አበባ ስለሚመጣው ዋና መንገድ፣ ስለ ግብር እና ስለ ቡና ሕግ ነው። መዝገቡ ከተከፈተ ይህን ካልለየ ሰውየው ባልተሰጠው ሥልጣን ይወቀሳል፣ የተሰጠውን ደግሞ ማንም አይጠይቀውም።

ባለ ምግብ ቤቷ፣ መርካቶ፦
ይህን እዚያው አዳራሽ ውስጥ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ምን ነበረበት? ተመራጩም «ይህ የእኔ አይደለም» አላሉም እኮ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ የምትሉትን መዝገብ ይዤ አራተኛ ዓመቴ ነው። ባለ 50 ቅጠል ሰማያዊ ደብተር ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምክር ቤቱ ስብሰባ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ከነቡናዬ ቁጭ ብዬ እከታተላለሁ። በመጀመሪያው ቀን በማስመሪያ አራት ዓምድ አሰመርኩ፦ ቀን፣ ተገኝቷል፣ ተናግሯል፣ ድምፅ።

«ተገኝቷል» የሚለው ዓምድ ሁለት ወር አልቆየም። ካሜራው ዞሮ የምፈልገው ሰው ጋ ሳይደርስ አፈ ጉባኤው ወደሚቀጥለው አጀንዳ ያልፋሉ። አንድ ቀን «ቀርቷል» ብዬ ጽፌ፣ ማታ ዜና ላይ ከአንድ ምሰሶ አጠገብ ተቀምጦ አየሁት። ሰረዝኩት። ስርዙ አሁንም ደብተሩ ላይ አለ፣ ባየሁት ቁጥር አፍራለሁ።

«ድምፅ» የሚለው ዓምድ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው። እጅ ይወጣል፣ ይቆጠራል፣ በሙሉ ድምፅ ወይም በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ ይባላል። ተቃውሞና ድምፀ ተዓቅቦ ካለ ቁጥሩን እንሰማለን፣ ስሙን ግን አንሰማም። በሐምሌ 2017 የገቢ ግብር አዋጁ ሲሻሻል ከግብር ነጻ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። ልጄ እንደ እኔው መምህርት ናት። «አባዬ፣ አነሰ ብሎ የተከራከረልን አለ? የእኛ ሰውስ ምን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ደብተሩን ገልጬ ያሳየኋት ባዶ ሳጥን ነበር።

«ተናግሯል» የሚለው ሦስት መስመር አለው። አንዱ ስለ መንገድ ያነሳው ጥሩ ጥያቄ ነው። ሁለቱ ሪፖርት ያቀረበን ሚኒስትር ያመሰገነባቸው ናቸው።

ታዲያ ለምን አልለጠፍኩትም? አንደኛ፣ ዋናው ሥራ ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ነው። የመንግሥት ወጪን የሚቆጣጠረው ኮሚቴ የዋና ኦዲተርን ግኝት ይዞ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን ፊት ለፊት ሲያፋጥጥ አይታችሁ እንደሆነ፣ በመደበኛው ስብሰባ ላይ አፉን የማይከፍት አባል እዚያ ሌላ ሰው ይሆናል። የብዙው ኮሚቴ ሥራ ግን በቴሌቪዥን አይታይም፤ ደብተሬም አያየውም። ሁለተኛውን ምክንያት ለመናገር ትንሽ ይከብደኛል። ሰውየው ተማሪዬ ነበር። ስምንተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ፤ «አንተ» ብዬ የምጽፈውም ለዚህ ነው፣ ከንቀት አይደለም።

ቡና አቅራቢው፦
ነገሩ እዚህ ላይ ወጣ! የኔታ፣ በእርስዎ ደብተር የሚፈተን ተማሪ ሁሌም ያልፋል ማለት ነው።

የሕግ ተማሪዋ፦
ጋሼ መምህር ስለ ቁጥሩ የሰጉት ግን ትክክል ነው። እንግሊዞች የፓርላማ አባሎቻቸውን ንግግርና ድምፅ ለሕዝብ የሚያሳይ ድረ ገጽ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2004 ጀምሮ አላቸው። የንግግር ብዛት እየተቆጠረ ሲወጣ አንዳንዶቹ ቁጥራቸው እንዲያምር ብቻ ብድግ ብለው መናገር ጀመሩ ተብሎ በጋዜጣ ተጽፎባቸዋል። ጎረቤታችን ኬንያም በዚያው አቆጣጠር ከ2005 ወዲህ ምዛሌንዶ የሚባል የፓርላማ መከታተያ አላት። እነሱ ግን የሚነሱት ከታተመ ቃለ ጉባኤ ነው፤ ቃል በቃል ማን ምን እንዳለ ተጽፎ ያገኙታል። እኛ የምንነሳው ከካሜራው መዞር ነው።

የሒርማታ ልጅ፦
እንግዲያው ቃለ ጉባኤውን በደብዳቤ እንጠይቅ። በ2000 የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590 ማንም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል።

የመንግሥት ሠራተኛው፦
መጠየቁ ጥሩ ነው። እኔ ግን አንድ ፍርሃት አለኝ። ድምፅ በስም ይውጣ ስንል ለእኛ ብቻ አይደለም የሚወጣው፤ ለፓርቲውም ይወጣል። በዚሁ የምክር ቤት ዘመን ያለመከሰስ መብቱ ሳይነሳ የታሰረ አባል አይተናል፣ መብቱ የተነሳው ከወራት በኋላ ነው። አንቀጽ 54 አባል በሰጠው ድምፅ እንደማይከሰስ ቢጽፍም፣ ሰው የሚያነበው አንቀጹን ሳይሆን የጎረቤቱን ዕጣ ነው። ዛሬ ድምፀ ተዓቅቦ የሚያደርገው ጥቂት ሰው ስሙ ከተነበበ ነገ እጁን አብሮ ያወጣል ብዬ እሰጋለሁ።

ቡና አቅራቢው፦
ለዚህ ክርክር ባርኔጣዬን አነሳለሁ ልል ነበር፤ ግን አልስማማም። እኔን የተቃወመኝንም የደገፈኝንም ሰው ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ። የሚፈራ ሰው ለምን ተወዳደረ? ቡና የሚሸጥልኝ ገበሬ ሚዛኑ ላይ አይኑን ተክሎ ይቆማል፤ «ዞር በል፣ ታስፈራኛለህ» ብዬው አላውቅም።

የሕግ ተማሪዋ፦
ጋሼ፣ ደብተር ኪሳራ ነው ያሉት እርስዎ አልነበሩም? አሁን ሚዛን ላይ ቆሙ።

ቡና አቅራቢው፦
የሚጻፈው ነገር እንዲኖር ነው የጠየቅሁት እንጂ መጻፉን አልጠላሁም።

የሕግ ተማሪዋ፦
ለጋሼ መምህር አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ድፍረት ከሆነ ይቅርታ። የሰውየው ስልክ ቁጥር አለዎት?

ጡረተኛው መምህር፦
አለኝ። ለበዓል ይደውልልኛል።

የሕግ ተማሪዋ፦
እርስዎ ስልኩ አለዎት፣ እትዬ ግን ጥያቄያቸው ከሌላው ጋር ተጨምቆ ጠፋ። ለእኔ ትልቁ ችግር ይህ ነው። ተመራጩ ስንት ጊዜ ተናገረ የሚለው ቀርቶ፣ ያላስተማረውና የማያውቀው መራጭ ጥያቄ ሲልክ መልስ ያገኛል ወይ የሚለው ይመዝገብ። ይህን ለማወቅ ካሜራም ፈቃድም አያስፈልግም። ጥያቄው የእኛ ነው፣ የላክንበት ቀን በእጃችን ነው፣ መልሱም መጣ ወይም አልመጣም። መልስ ባለመምጣቱ ማንንም አንበድልም፣ ያልሆነ ነገር አልጻፍንምና።

የሒርማታ ልጅ፦
የመጀመሪያውን ሐሳቤን በዚህ ቀይሬዋለሁ። መገኘትና የንግግር ብዛት ይቅር።

የመንግሥት ሠራተኛው፦
በዚህ መልክ ከሆነ ተቃውሞዬን አነሳለሁ። ደብዳቤው ላይ ግን ስሜ አይስፈር፤ ሥራ አለኝ።

ጡረተኛው መምህር፦
ስልኩን ያነሳሽብኝ እውነት ነው። አራት ዓመት ሙሉ በደብተር ስቆጥረው አንድ ቀን ደውዬ አልጠየቅሁትም፤ ባዶውን ሳጥን ከጠያቂው ጋር መካፈል ነበረብኝ። ይኸው ከደብተሩ መሐል አዲስ ገጽ ገልጫለሁ። ዓምዶቹ፦ ጥያቄ፣ የተላከበት ቀን፣ መልስ የመጣበት ቀን፣ መልሱ። ቁጥር 1 የልጄ ይሁን፦ በገቢ ግብሩ ላይ ድምፅዎን እንዴት ሰጡ? በስልክ አልጠይቀውም፤ እንደማንኛውም ሰው በፖስታ ይድረሰው።

ቡና አቅራቢው፦
ቁጥር 2፦ የቡና ሕግ ወደ ምክር ቤቱ ከመቅረቡ በፊት ረቂቁን ለአቅራቢና ለገበሬ ያሳዩናል ወይ? በትልቁ ይጻፍልኝ። ፊርማዬንም አኖራለሁ።

ባለ ምግብ ቤቷ፣ መርካቶ፦
ቁጥር 3 የእኔ የውኃው ነው።

የመንግሥት ሠራተኛው፦
እትዬ፣ ነገርኩዎት እኮ፣ የውኃው ለጨፌው አባል ነው።

ባለ ምግብ ቤቷ፣ መርካቶ፦
ሰምቻለሁ። እንግዲያው ሁለተኛ ደብተር ይገዛ፤ ብሩን ነገ እልካለሁ።