ኢአይኤን ላይ ተቀርቅሬያለሁ፣ ያለፈበት ሰው ካለ

ሰላም ወገኖቼ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከእህቴ ጋር እንጀራ ጋግረን ለሱቆች ልናከፋፍል ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) አቋቁመናል። የስቴቱ ወረቀት ወጥቷል፣ ምጣዱም ተገዝቷል። የቀረን ከአይአርኤስ (ከፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት) የሚወጣው የድርጅት መለያ ቁጥር፣ ኢአይኤን ነው። ያለሱ ባንኩ የድርጅት አካውንት አልከፍትም ብሎናል።

ቅዳሜ ማታ ስልኬ ላይ ፈልጌ መጀመሪያ የመጣልኝን ገጽ ከፈትኩ። ንስር ያለበት አርማ፣ ሰማያዊ ቀለም... የመንግሥት መስሎኝ ሞላሁ። መጨረሻ ላይ የካርድ ቁጥር ጠየቀኝ። ደግነቱ እህቴ ሊጥ በነካ እጇ መጥታ "ቆይ፣ ይሄ ነገር በነፃ አይደለም እንዴ?" አለችኝ። እውነትም ነፃ ነው! ግን ሶሻሌን (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሬን) አስገብቼ ነበር፤ እሱ አሁንም ያንገበግበኛል።

ሰኞ ትክክለኛው የአይአርኤስ ገጽ ላይ ገባሁ። ሞልቼ ስጨርስ "ሪፈረንስ ቁጥር 101" የሚል መጣ። ለካ ስማችን ከሌላ ድርጅት ስም ጋር ተመሳስሏል። ስለዚህ ኤስኤስ-4 የሚባለውን የኢአይኤን ማመልከቻ ቅጽ በፋክስ ልንልክ ነው።

ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። "ሪስፖንሲብል ፓርቲ" (የድርጅቱ ኃላፊ) የሚለው ቦታ የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው የሚቀበለው። እኛ ደግሞ እኩል ነን። የእኔን ብጽፍ የእህቴን ድርሻ ይነካል ወይስ ለቅጹ ያህል ነው? የአባላት ብዛት ላይ 2 ብለን ፓርትነርሺፕ (ሽርክና) የሚለውን እንምረጥ? በፋክስ የላካችሁስ ስንት ቀን ጠበቃችሁ? ለሶሻሌስ ክሬዲቴን ፍሪዝ ላድርገው (ማንም በስሜ ብድር እንዳይከፍት ላዘጋው)?

ያለፈበት ሰው ቢነግረኝ ውለታው አለብኝ። ጤፉ ተገዝቶ ቁጭ ብሏል።