የፋይዳ ቁጥር ኤክሴል ላይ መጨረሻው ዜሮ እየሆነብኝ ነው፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ሰው ሀብት ክፍል)
ሰላም ለሁላችሁ። የሠራተኞቻችንን ዝርዝር ኤክሴል ላይ እያዘጋጀሁ ነው። አንዱ ኮለም የባንክ ሂሳብ ቁጥር ነው፣ 13 አሃዝ። ሌላው የፋይዳ ካርድ ቁጥር ነው፣ ፋን የሚባለው፣ 16 አሃዝ። ሁለቱም አጥረው 1.00012ኢ+12 ዓይነት ነገር ሆነው ነው የሚታዩት። ፎርማቱን ወደ ነምበር ስቀይረው የባንኩ ተስተካከለ። የፋይዳው ግን ሙሉ ቁጥር ቢመጣም የሁሉም ሰው መጨረሻ ዜሮ ሆኗል። ዝርዝሩ አርብ ደመወዝ ክፍል መድረስ አለበት። እባካችሁ መላ በሉኝ።

ዳታ ኢንኮደር
እህቴ፣ እዚህ ሁለት የተለያየ ነገር ነው ያለው።

የባንኩ የአታየት ጉዳይ ብቻ ነው። ጀነራል የሚባለው ፎርማት ከ11 አሃዝ በላይ የሆነ ቁጥር ሲያገኝ አሳጥሮ ያሳያል። ውስጡ ግን ሙሉ ነው። ሴሉን ነክተሽ ከላይ ያለውን የፎርሙላ መስመር እዪው፤ 1000123456789 ተብሎ በሙሉ ተቀምጧል። ነምበር አድርገሽ ዴሲማሉን ዜሮ ማድረግ ይበቃል። ##### ካለሽ ደግሞ ኮለሙ ጠባብ ሆኖ ነው፣ ሰፋ አድርጊው።

የፋይዳው ግን እውነተኛ ጉዳት ነው። ኤክሴል አንድን ነገር እንደ ቁጥር ሲይዝ የሚያስቀምጠው 15 አሃዝ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን በዜሮ ይተካዋል። 1234567890123456 ብለሽ ኢንተር ስትጫኚ 1234567890123450 ይሆናል። የመጨረሻዋ 6 የፎርሙላ መስመሩ ላይም የለችም። ፎርማት ብትቀያይሪም አትመለስም። ከዋናው ሰነድ እንደገና ማስገባት ግድ ነው።

አዲስ አባል
እኔ የምጠቀመው ከስተም ፎርማት ነው። 0000 0000 0000 0000 ብለሽ ብታስገቢ አራት አራት አሃዝ እየለየ ያምር ነበር። ሞክሪው።

ዳታ ኢንኮደር
ወንድሜ፣ ለ16 አሃዝ አይሠራም። ያው የመጨረሻዋ ዜሮ አራት አራት ሆና ታምራለች እንጂ አሃዙ አይመለስም። ለስልክ ቁጥር ግን ጥሩ ነው፤ አሥር ዜሮ ብትሰጠው ከ09 ላይ የጠፋችውን ዜሮ ያሳይልሃል። የፋይዳው 12 አሃዝ፣ ፊን የሚባለው፣ ቢሆን ኖሮም ችግር አልነበረም፤ ከ15 በታች ነው።

የቢሮ አጋዥ
እንግዲህ እንደገና ስታስገቢ እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ባዶውን ኮለም ምረጪ፣ ራይት ክሊክ፣ ፎርማት ሴልስ፣ ቴክስት። ከዚያ ጻፊ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ከጻፍሽ በኋላ ቴክስት ብታደርጊው የተቆረጠው እንደተቆረጠ ይቀራል። ጥቂት ቁጥር ብቻ ከሆነ ከፊቱ ነጠላ ጥቅስ (') አድርጊና ቀጥዪ። ጥቅሱ ሴሉ ላይ አይታይም፣ ሲታተምም አይወጣም። የአማርኛ ኪቦርድ ላይ ከሆንሽ ግን ወደ እንግሊዝኛው ቀይሪ፤ ጠመም ያለውን ጥቅስ ኤክሴል አያውቀውም።

ከሌላ ቦታ ኮፒ ካደረግሽ ዝም ብለሽ ፔስት አትበዪ። ቴክስት ያደረግሽውን ፎርማት ሊያጠፋብሽ ይችላል። ራይት ክሊክ አድርጊና ማች ዴስቲኔሽን ፎርማቲንግ የሚለውን ምረጪ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቴክስት የሆነ ቁጥር ሴል ጥግ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን ይወጣል። ስትነኪው ኮንቨርት ቱ ነምበር የሚል ምርጫ ያመጣል። በፍጹም እንዳትነኪው! ያን ጊዜ 16ኛዋ አሃዝ ትሄዳለች። ኢግኖር ኤረር ብለሽ እለፊው።

ጠያቂ (ሰው ሀብት ክፍል)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅርንጫፎቹ የላኩልኝ ሲኤስቪ ፋይል (በኮማ የተለያየ ተራ ጽሑፍ) ነበር። እኔ ደብል ክሊክ አድርጌ ነው የከፈትኩት። እንደገና ከወረቀት መልቀም አለብኝ ማለት ነው?

ኦዲተር
አይዞሽ፣ የለብሽም። በኤክሴል ከፍተሽ ሴቭ ካላደረግሽው የመጀመሪያው ፋይል ደህና ነው። ኢሜይሉ ላይ ያለውን እንደገና አውርጂና በኖትፓድ ክፈቺው። ሙሉ ቁጥሩ እዚያ ይታይሻል።

አሁን ባዶ ኤክሴል ክፈቺ። ዳታ ውስጥ ገብተሽ ፍሮም ቴክስት/ሲኤስቪ በዪ። ፋይሉን ስትመርጪ ናሙና የሚያሳይ መስኮት ይመጣል። ዳታ ታይፕ ዲቴክሽን የሚለው ጋ ዱ ኖት ዲቴክት የሚለውን አድርጊና ሎድ በዪ። ርዕሶችሽ ወደ አንደኛው ረድፍ ወርደው ከላይ ኮለም1፣ ኮለም2 ሊል ይችላል፤ አትደንግጪ፣ ያንን በኋላ ታስተካክያለሽ። ዋናው ነገር ኤክሴል ቁጥሩን በራሱ ፈቃድ አለመንካቱ ነው።

ማይክሮሶፍት 365 ካለሽ ደግሞ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ዳታ ውስጥ አውቶማቲክ ዳታ ኮንቨርዥን የሚል ክፍል ተጨምሯል። ረጅም ቁጥር ወደ 15 አሃዝ የሚቆርጠውንና ከፊት ያለ ዜሮ የሚያጠፋውን ምልክት አንሺ። እኔ በየቢሮው ኮምፒውተር ላይ ይህን አስቀድሜ ነው የማጠፋው። ደመወዝ የሌላ ሰው ሂሳብ ገብቶ ከማስመለስ ይሄ ይቀላል።

አሁን ስለ ባንኩ ቁጥር ልጨምር፣ ደህና ነው ተብሎ ስለታለፈ። ዝርዝሩን ወደ ደመወዝ ክፍል በሲኤስቪ የምትልኪ ከሆነ ተጠንቀቂ። ኤክሴል ሲኤስቪ ሲያስቀምጥ የሚጽፈው ሴሉ ላይ የሚታየውን ነው። ኮለሙ ጀነራል እንደሆነ ሴቭ ካደረግሽ ፋይሉ ውስጥ 1.00012ኢ+12 ተብሎ ይገባል። ያኔ 13 አሃዙም ጠፋ ማለት ነው። እኔ ብሆን የባንኩንም ቴክስት አደርገዋለሁ። የምንደምረውና የምንቀንሰው ስላልሆነ ቁጥር የሚያሰኘው ነገር የለም።

ጠያቂ (ሰው ሀብት ክፍል)
ሠራ! ሁሉም በሙሉ መጣ። አሁን ግን ድግግሞሽ ልፈትሽ በካውንትኢፍ (አንድ ነገር ስንት ጊዜ እንዳለ በሚቆጥረው ፎርሙላ) ስሞክር የማይመሳሰሉ ሁለት ሰዎች ድግግሞሽ ናቸው አለኝ። የፋይዳ ቁጥራቸው የሚለያየው በመጨረሻው አሃዝ ብቻ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ልለጥፍላችሁ?

ዳታ ኢንኮደር
ኧረ አትለጥፊ! የሰው መታወቂያ ቁጥር ነው፣ እዚህ መውጣት የለበትም። ሳላየውም ገብቶኛል። ካውንትኢፍ ቴክስቱን እንኳ እንደ ቁጥር ቆጥሮ ነው የሚያነጻጽረው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 15 አሃዞች ከገጠሙ አንድ ናቸው ይላል። ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ ላይ ያለው የድግግሞሽ ማቅለሚያም እንዲሁ ያሳስታል። ፎርሙላው ውስጥ ከሚፈለገው ሴል አድራሻ ቀጥለሽ &"*" ጨምሪ። ኮከቧ እንደ ጽሑፍ እንዲያነበው ታስገድደዋለች። ሁሉም ቁጥር እኩል 16 አሃዝ ስለሆነ ውጤቱ ትክክል ይመጣል።

ከሪያድ
ጎግል ሺትስ ላይ የምትሠሩም ካላችሁ ያው ነው፣ እዚያም ከ15 በኋላ ያለው ይጠፋል። ፎርማት፣ ነምበር፣ ፕሌይን ቴክስት አድርጋችሁ ጻፉ። የኢቃማችንን (የሳዑዲ መኖሪያ ፈቃድ) ቁጥር ብቻ ከሆነ የምትመዘግቡት 10 አሃዝ ስለሆነ አያሳስብም። የባንክ ካርድ ቁጥር ግን አብዛኛው 16 ነው፣ እሱን ተጠንቀቁ።

ጠያቂ (ሰው ሀብት ክፍል)
ኮከቧን ስጨምር ሁለቱ ሰዎች ተለያዩ። የባንኩንም ቴክስት አድርጌ አሁን እየላክሁ ነው። ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ።